ቴፕ ለማየት ሄዶ ትራንዚስተር ይዞ የተመለሰው ነጋዴ

(የንግድና የኢንዱስትሪ ጥናት ቡድናችን በማኅበሩ የውይይት ምሽት ያሰማው ንግግር)



የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ለጥናት ቡድናችን የሰጠው አርእስት «ነጋዴ በፍጥነት የሚያድግ የውጭ አገር ገበያ ለማጥናት ሲሄድ ምን ያተርፋል?» የሚል ነው። አርእስቱ ሰፊ ነው፤ ሰፊ አርእስት ደግሞ ተናጋሪውን ያስቀባጥራል፥ አድማጩንም ያስተኛል። ስለዚህ ስለ ጉዞ ጥቅም በጠቅላላው ከማውራት ይልቅ አንድ ሰው፥ አንድ ጉዞና አንድ ዕቃ መርጠን እስከ መጨረሻው መከተል ይሻላል ብለን ተስማማን። ሰውዬው ማሳሩ ኢቡካ የተባለ ጃፓናዊ መሐንዲስና ባለ ኩባንያ ነው። ጉዞው በ1952 ወደ አሜሪካ ያደረገው ነው። ዕቃው ትራንዚስተር ነው። (ዓመቶቹን የምንጠራው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ስለ ሆነ እንዳትደናገሩ፤ በእኛ አቈጣጠር የምንጠራው ሲመጣ እንናገራለን።)

ይህን ታሪክ የመረጥንበት ምክንያት አለን። ስለ ጃፓን ሲወራ ሁላችንም የለመድነው አነጋገር አለ፤ ይኸውም «ሄዱ፥ አዩ፥ ቀዱ፥ ከበሩ» የሚል ነው። ባጭሩ የተነገረ ነገር ሁሉ ይጥማል። ነገር ግን ታሪኩን ቀርበን ስንመረምረው ከአራቱ ቃላት ሁሉ የቀለለው «አዩ» የሚለው ሆኖ አገኘነው። በእነዚያ ዓመታት የአሜሪካን ፋብሪካና ገበያ ያየ ሰው ከየአገሩ ብዙ ነበር። እኛን ያሳሰበን ጥያቄ፥ ያ የታየው ነገር አገር ቤት ሲደርስ ማን ተቀበለው የሚለው ነው። ከእኛም መካከል ነገ ዛሬ ሳይባል ለትምህርትም ለሥራም ወደ ውጭ የሚሄዱ ስላሉ ጥያቄው የጃፓኖች ብቻ አይደለም።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በ1945 ሲያበቃ ቶክዮ በቦምብ ፈርሳ ነበር። ኢቡካ በግንቦት 1946 ከፊዚክስ ምሩቁ ከአኪዮ ሞሪታ ጋር ሆኖ በ190 ሺህ የን መነሻ ገንዘብና በሃያ ያህል ሰዎች አንዲት ትንሽ ኩባንያ አቋቋመ። ስሟ ቶክዮ ጹሺን ኮግዮ ነበር፤ ዛሬ ዓለም ሶኒ እያለ የሚጠራት እርሷን ነው። ሞሪታ ለብዙ ትውልድ ሳኬ ሲጠምቅ ከኖረ ቤት የተወለደ የበኵር ልጅ ስለ ነበር የአባቱን ሥራ እንዲወርስ ይጠበቅ ነበር፤ ቤተሰቡ ግን ልጁን ለዚህች ኩባንያ ለቀቀላት። ከመጀመሪያዎቹ ሙከራዎቻቸው አንዱ በኤሌክትሪክ የሚሠራ የሩዝ ማብሰያ ነበር። ሩዙ አንድ ቀን ያርራል፥ ሌላ ቀን ጥሬውን ይቀራል፤ ስለዚህ ተዉት።

በ1950 ግን በጃፓን የመጀመሪያ የሆነውን ቴፕ ሪከርደር ሠርተው አወጡ። ዕቃው ከባድ፥ ዋጋውም 160 ሺህ የን ነበር። ያየው ሁሉ ተደነቀ፤ የገዛው ግን አልነበረም። ሰው የራሱ ድምፅ ተመልሶ ሲናገር ሲሰማ ይሥቃል፥ ይገረማል፤ ለሣቅ ብሎ ግን 160 ሺህ የን የሚከፍል የለም። በኋላ ደህና ገዢ የተገኘው ከፍርድ ቤት ነው። ከጦርነቱ በኋላ የክርክር ቃል በፍጥነት የሚጽፍ ሰው ጠፍቶ ስለ ነበር፥ ዕቃው ምን እንደሚሠራላቸው ለዳኞቹ ማስረዳት አላስፈለገም። ቀጥሎ ትምህርት ቤቶች መጡ። ኢቡካና ሞሪታ ከዚህ አንድ ነገር ተማሩ፤ ጥሩ ዕቃ መሥራት ግማሽ ሥራ ነው፥ ሌላው ግማሽ ዕቃው የሚጠቅመውን ሰው ፈልጎ ማግኘት ነው።

እንግዲህ ኢቡካ በመጋቢት 1952 ወደ አሜሪካ ሲነሣ በኪሱ የያዘው ጥያቄ ይህ ነበር፤ «አሜሪካኖች ቴፕ ሪከርደርን ለምን ይጠቀሙበታል?» ጥያቄው ጠባብ ነው፤ ጠባብ መሆኑም ጠቀመው። ስለ አሜሪካ ሥልጣኔ በጠቅላላው እናጥና ብሎ የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚመለሰው ፎቶግራፍ ይዞ ነው። በዚያን ጊዜ ጃፓን በአሜሪካ ጦር እጅ ነበረች፤ ነጻነቷ የተመለሰላት በሚያዝያ 1952 ነው። መንግሥቱም ዶላርን እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቅ ስለ ነበር ወደ ውጭ መሄድ እንደ ዛሬው ቲኬት ቈርጦ መሳፈር አልነበረም።

የሄደበት አገር ግን ምን ዓይነት ገበያ ነበር! አንድ ምሳሌ ብቻ እንስጥ። በ1950 ከአሜሪካ ቤተሰቦች ከመቶው 9 ያህሉ ብቻ ቴሌቪዥን ነበራቸው፤ በ1960 ከመቶው 87 ያህሉ ነበራቸው። በአሥር ዓመት ውስጥ አንድ ዕቃ ከቅንጦትነት ወጥቶ እንደ ምድጃ የማይቀር ነገር ሲሆን ማለት ነው። ይህን የመሰለ ገበያ ያየ ነጋዴ ሁለት አደጋ ይጠብቀዋል፤ አንደኛው መደናገጥ፥ ሁለተኛው መጐምጀት ነው። የተደናገጠው «ይህ ለእኛ አይሆንም» ብሎ ይመለሳል። የጐመጀው ያየውን ሁሉ ጭኖ ለመመለስ ይነሣል።

ኢቡካ ኒው ዮርክ ሳለ አንድ በዚያ የሚኖር ወዳጁ፥ ዌስተርን ኤሌክትሪክ የተባለው ኩባንያ የትራንዚስተርን የፈጠራ መብት በክፍያ ለሌሎች ሊሰጥ መሆኑን ነገረው። ትራንዚስተር በቤል ላቦራቶሪ በ1947 መጨረሻ የተሠራ፥ በ1948 ለዓለም የተገለጠ ነገር ነው። ከመስታወት የሚሠራውን፥ የሚግለውንና ብዙ ኤሌክትሪክ የሚበላውን የራዲዮ አምፑል የሚተካ የጥፍር ያህል ዕቃ ነው። ኢቡካ ወሬውን ያን ጊዜ ሰምቶ ነበር፤ ብዙ የሚጠቅም ነገር ግን አልመሰለውም ነበር። አሁን በኒው ዮርክ አንድ ሌሊት የሆቴሉ ጫጫታ እንቅልፍ ከልክሎት ሲገላበጥ ሐሳቡ ተመልሶ መጣበት።

ከዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ምክንያቱም የታሪኩ ቍልፍ በዚህች ሌሊት ነው። ኢቡካ ሲገላበጥ ያሰበው ስለ አሜሪካ ሀብት አልነበረም፥ ስለ ትራንዚስተርም ትርፍ አልነበረም። ያሰበው አገር ቤት ስለ ተዋቸው ሰዎች ነው። ቴፕ ለመሥራት ብሎ የሰበሰባቸው 40 ያህል በሳይንስና በምሕንድስና የተማሩ ወጣቶች ነበሩት። ቴፑ አሁን መልክ ይዟል፤ ታዲያ እነዚህ ሰዎች ከእንግዲህ ምን ሊሠሩ ነው? ለእነርሱ የሚመጥን ከባድ ነገር ካልተገኘ ሥራቸው ብሎን ማጥበቅ ይሆናል፥ ወይም ጥለው ይሄዳሉ። ትራንዚስተሩ የታየው ለዚህ ጭንቀት መፍትሔ ሆኖ ነው። ከሸቀጡ አስቀድሞ ሰዎቹ ነበሩ ማለት ነው። በእኛ በኩል ዘወትር ሲደረግ የምናየው ተቃራኒው ነው፤ መጀመሪያ ማሽኑ ይገዛል፥ ከዚያ «የሚያንቀሳቅሰው ባለሙያ ይፈለጋል» የሚል ማስታወቂያ ይወጣል።

ዋጋው 25 ሺህ ዶላር ነበር። አንድ ዶላር በ360 የን በሚመነዘርበት ጊዜ ይህ 9 ሚሊዮን የን ነው። ከስድስት ዓመት በፊት ኩባንያው የተነሣበት ገንዘብ 190 ሺህ የን መሆኑን አስታውሱ፤ በመካከሉ የየኑ አቅም ቢወድቅም ገንዘቡ ለትንሽ ኩባንያ የሚያስፈራ ነበር። ደግሞም ይህን ፈቃድ የገዛች ብቸኛዋ ኩባንያ እርሷ አይደለችም። በርካታ የአሜሪካና የውጭ አገር ኩባንያዎች ይህንኑ ወረቀት ገዝተዋል። በጃፓንም እንደ ሂታቺና ቶሺባ ያሉት ትልልቆች አር.ሲ.ኤ. ከተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ጋር ተዋውለው ከመብቱ ጋር የአሠራሩን ትምህርት አብረው ገዝተዋል። እንግዲህ ወረቀቱ የተለየ ነገር አላመጣም።

በ1953 ተራው የሞሪታ ሆነ። ይህ የመጀመሪያው የውጭ አገር ጉዞው ነበር። ኒው ዮርክ ደርሶ ከዌስተርን ኤሌክትሪክ ጋር ጊዜያዊውን ውል ፈረመ። ውሉ የመሥራት መብት ይሰጣል እንጂ አሠራሩን አያስተምርም። የጠላ መጥመቅ ፈቃድ ተሰጥቶት ጌሾው ስንት እንደሚገባ ያልተነገረውን ሰው አስቡት። ለትምህርት ያህል ይዞ የተመለሰው ቤል ላቦራቶሪ ስለ ትራንዚስተር አሠራር ያዘጋጀውን መጽሐፍ ነው። የኩባንያው ሰዎችም በቅን ልቡና አንድ ምክር ሰጡት፤ በትራንዚስተር ብትሠሩ የሚያዋጣው ጆሮው ለከበደ ሰው የሚሆን የመስሚያ መሣሪያ ነው አሉት። ምክሩ የዐዋቂ ምክር ነበር፥ ምክንያቱም የዚያን ጊዜው ትራንዚስተር የራዲዮን ፈጣን ሞገድ አይችልም ነበር። ኢቡካ ግን ጆሮው የከበደ ሰው በዓለም ላይ ስንት ነው፥ ራዲዮ የሚሰማውስ ስንት ነው ብሎ አሰበና ራዲዮ እንሠራለን አለ።

ሞሪታ የአሜሪካ ስፋት አስደንግጦት እንደ ነበር ራሱ ጽፏል። ከዚያ ወደ አውሮፓ ተሻግሮ በሆላንድ አይንድሆቨን የተባለችውን ከተማ አየ። ቶክዮን ወይም ኒው ዮርክን ለሚያውቅ ሰው ትንሽ ከተማ ናት፤ ሆላንድም በእርሻ የምትታወቅ ትንሽ አገር ናት፤ ነገር ግን ፊሊፕስ የተባለው በዓለም የታወቀ የኤሌክትሪክ ኩባንያ ከዚያ ተነሣ። ሞሪታ እነዚህ ከቻሉ እኛም እንችላለን ብሎ ለኢቡካ ደብዳቤ ጻፈ። እኛ ከዚህ የምንወስደው፥ ለትንሽ ሰው ትምህርት የሚሆነው ትልቁ ገበያ ብቻ አለመሆኑን ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ከራሱ ቁመት ጋር የሚተካከለውን ጎረቤት ማየት ይበልጥ ያጽናናል።

ከዚህ በኋላ ፈቃድ የመጠበቁ ጊዜ መጣ። 25 ሺህ ዶላር ወደ ውጭ ለመላክ የንግድና የኢንዱስትሪው ሚኒስቴር መፍቀድ ነበረበት፤ ሚኒስቴሩ ደግሞ ይህች ትንሽ ኩባንያ ይህን ከባድ ነገር ትችለዋለች ብሎ አላመነም፤ ሳታስፈቅድ መፈረሟም አስቈጥቶታል። ፈቃዱ የተሰጠው በ1954 መጀመሪያ ላይ ነው። በዚህ ላይ ብዙ አንናገርም፤ ከዚህ አዳራሽ ውስጥ ቢሮ ለቢሮ ፈቃድ ሲጠብቅ ያልዋለ ካለ እጁን ያውጣ።

አሁን የታሪኩ እውነተኛ ጀግና ነው ብለን ወደምናምነው ሰው መጣን። ስሙ ካዙኦ ኢዋማ ነው። ትምህርቱ ጂኦፊዚክስ ነበር፤ የመሬት መንቀጥቀጥ ያጠና ሰው ነው እንጂ የትራንዚስተር ሰው አልነበረም። የትራንዚስተሩን ሥራ እኔ ልምራው ብሎ በፈቃዱ ተነሣ። በጥር 1954 ከኢቡካ ጋር ወደ አሜሪካ ሄደ፤ ኢቡካ ሲመለስ እርሱ ለወራት ቀረ። የዌስተርን ኤሌክትሪክን ፋብሪካና ሌሎችንም እየዞረ እንዲያይ ተፈቀደለት፤ ፎቶግራፍ ማንሣት ግን አይቻልም፥ በፋብሪካው ውስጥ ማስታወሻ መያዝም አይቻልም። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ያያል፥ ይጠይቃል፥ በልቡ ይይዛል፤ ማታ ከሆቴሉ ገብቶ ሳይረሳው በሥዕልና በጽሑፍ ያሰፍረዋል፤ ያን በደብዳቤ ወደ ቶክዮ ይልካል። እነዚህ ደብዳቤዎች በኩባንያው ታሪክ እስከ ዛሬ «የኢዋማ ሪፖርት» እየተባሉ ይጠራሉ።

በደብዳቤዎቹ ውስጥ ስለ ኒው ዮርክ ፎቆችና ስለ አሜሪካኖች ትጋት የሚያወራ ሐተታ አትጠብቁ። የተጻፈው ጀርማኒየም የተባለው ማዕድን እንዴት እንደሚጣራ፥ ምድጃው እንዴት እንደ ተሠራ፥ የትኛው ክፍል ከየትኛው ጋር እንደሚገናኝ ነው። ደብዳቤው ቶክዮ ሲደርስ መዝገብ ቤት ገብቶ ቍጥር ተሰጥቶት አልተቀመጠም። የሚጠብቁት ሰዎች ነበሩ። መጽሐፉን ቀድመው አንብበውታል፤ ያልገባቸውን ያውቃሉ፤ አዲሱ ደብዳቤ የትኛውን ቀዳዳ እንደሚደፍን ወዲያው ይታያቸዋል። ማጣሪያውን ምድጃና የማዕድኑን መቍረጫ ራሳቸው ሠሩ። በሰኔ 1954፥ ኢዋማ ከመመለሱ ጥቂት ቀደም ብሎ፥ የመጀመሪያውን ትራንዚስተር አበጅተው ጠበቁት። ሰውዬው ሊያስተምራቸው ሲመጣ ትምህርቱ አልቆ ቆየው ማለት ነው።

እስቲ ይህን በደንብ እናስበው። ተጓዡ ገና በባሕር ማዶ ሳለ ጉዞው ፍሬ አፈራ። እንዴት ቢባል፥ በጉዞው ላይ የነበረው አንድ ሰው አልነበረምና ነው። ኢዋማ ዓይን ነበር፤ እጆቹ ቶክዮ ነበሩ፤ ደብዳቤው በሁለቱ መካከል እንደ ጅማት ሆነ። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ትምህርቱን በገንዘብ ገዝተው ሳለ ይህች ትንሽ ኩባንያ ከእነርሱ ጋር ለመወዳደር የበቃችበትን ምክንያት ስንፈልግ ከዚህ የተሻለ አላገኘንም።

እርግጥ ከዚያ በኋላም መንገዱ አልጋ በአልጋ አልነበረም። በመጀመሪያ ከ100 ትራንዚስተር ለራዲዮ የሚበቃው 5 ያህሉ ብቻ ነበር። ከመቶ ዘጠና አምስት የሚጣልበትን ዕቃ ወደ ገበያ እናውጣ ማለት ለሒሳብ ሰው እብደት ነው፤ ኢቡካ ግን 5 ከተገኘ አሠራሩን እያሻሻልን ቍጥሩን እናሳድገዋለን ብሎ ገፋበት። በዓለም የመጀመሪያዋን ትራንዚስተር ራዲዮ ለሽያጭ ያወጡት እነርሱ አይደሉም፤ ሪጀንሲ የተባለችው የአሜሪካ ራዲዮ፥ በቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ትራንዚስተሮች ተሠርታ፥ በጥቅምት 1954 በ49 ዶላር ከ95 ሳንቲም ቀደመቻቸው። የእነርሱ በነሐሴ 1955 ወጣች። በኋላም ፈጣን ሞገድ የሚችል ትራንዚስተር ሲፈልጉ፥ ቤል ላቦራቶሪ ሞክሮ የተወውን ፎስፈረስ ራሳቸው እንደገና ሞክረው ተሳካላቸው፤ በዚያው ሥራ ላይ የነበረው ሊዮ ኤሳኪ ባገኘው ግኝት በ1973 የኖቤል ሽልማት ተካፈለ። ሲቀዱ ብቻ የኖሩ ሰዎች ከመምህራቸው አልፈው እንደዚህ ያለ ቦታ አይደርሱም።

አሁን ወደ ገበያው እንመለስ፤ የንግድ ትምህርት ተማሪዎች ከዚህ ላይ ጆሮ ስጡን። ሞሪታ በ1955 ትንሿን ራዲዮ ይዞ በኒው ዮርክ ሱቅ ለሱቅ ዞረ። ነጋዴዎቹ፥ የአሜሪካ ቤት ሰፊ ነው፥ ሰው የሚፈልገው ትልቅ ራዲዮ ነው፥ ይህን ቍራጭ ማን ይገዛሃል አሉት። ሞሪታ የመለሰላቸው በራሳቸው አገር ዕውቀት ነው። በኒው ዮርክ ብቻ ከሃያ በላይ የራዲዮ ጣቢያዎች አሉ፤ ቤታችሁም ሰፊ ከሆነ እያንዳንዱ ሰው በየክፍሉ የሚወደውን ለብቻው ይስማ አላቸው። የቤቱን ስፋትና የጣቢያውን ብዛት ባለ አገሮቹ ከእርሱ በፊት ያውቁታል፤ እንግዳው ግን ሁለቱን ዕውቀት አጋጥሞ ሦስተኛ ነገር አወጣበት።

በዚሁ ጉዞ የሰዓት ሠሪው የቡሎቫ ኩባንያ 100 ሺህ ራዲዮ እንግዛህ አለው። 100 ሺህ! ከኩባንያው አቅም በብዙ የሚበልጥ ትእዛዝ ነበር። ነገር ግን በራዲዮው ላይ የሚጻፈው የቡሎቫ ስም እንዲሆን ይፈልጋሉ። ቶክዮ ያሉት ባልደረቦቹ ተቀበል ብለው መልእክት ላኩለት፤ ሞሪታ አልቀበልም አለ። የቡሎቫው ሰው ስማችንን ሕዝብ ያወቀው በሃምሳ ዓመት ድካም ነው ቢለው፥ የዛሬ ሃምሳ ዓመት የእናንተም ስም እንደ እኛው የማይታወቅ ነበር ብሎ መለሰ። ይህ ጀግንነት በየንግድ ትምህርት ቤቱ ይተረካል። እኛ ግን ተራኪዎቹ ብዙ ጊዜ የሚዘልሉትን ነገር እንጨምራለን፤ ያቺ ለናሙና የተወሰደችው ራዲዮ ሙቀት ሲመጣ የፊቷ ፍርግርግ እየተጣመመ ስላስቸገረ በብዛት ለገበያ ሳትወጣ ቀረች። ትእዛዙን ተቀብሎ ቢሆን ኖሮ 100 ሺህ ጠማማ ራዲዮ ባስረከበ ነበር። እንግዲህ ኩራቱ አዳነው ወይስ ዕድሉ? ክርክሩን ለእናንተ ትተነዋል።

ከዚህ የበለጠ የወደድነው ሌላ ታሪክ አለ። አንድ ብዙ ሱቆች ያሉት አሜሪካዊ ገዢ ለ5 ሺህ፥ ለ10 ሺህ፥ ለ30 ሺህ፥ ለ50 ሺህና ለ100 ሺህ ራዲዮ ዋጋ አቅርብልኝ አለው። በመጽሐፋችን እንደ ተማርነው፥ ብዛት ሲጨምር የአንዱ ዋጋ መውረድ አለበት። ሞሪታ ሆቴሉ ገብቶ ሲያሰላ፥ ዋጋው እስከ 10 ሺህ እየወረደ ሄዶ ከዚያ ወዲያ እንደገና እየወጣ የሚሄድ ሆነ። የ50 ሺሁ ዋጋ ከ10 ሺሁ በለጠ፤ የ100 ሺሁም ከ5 ሺሁ በለጠ። ገዢው እንዲህ ያለ ነገር አይቶ አያውቅም። ምክንያቱ ግን ጥርት ያለ ነው። 100 ሺህ ለመሥራት ፋብሪካውን ማስፋት፥ ብዙ ሰው መቅጠር ያስፈልጋል። ገዢው በሚቀጥለው ዓመት ይህን ያህል ባያዝስ? በጃፓን ሥራ ሲበዛ ቀጥሮ ሲያንስ ማሰናበት አይቻልም፤ ስለዚህ የዚህን ዓመት ትእዛዝ የሚከፍል ሰው የፋብሪካውን ማስፋፊያ አብሮ መክፈል አለበት። ገዢው በመጨረሻ 10 ሺህ ገዛ፤ ሞሪታም የፈለገው ያንኑ ነበር። የአገሩን የሥራ ልማድ በባዕድ ገበያ ፊት ቍጥር አድርጎ ያቀረበ ነጋዴ ማለት እንዲህ ነው።

በ1957 በኪስ ትገባለች የተባለችው ራዲዮ ወጣች። ዋጋዋ በአሜሪካ 39 ዶላር ከ95 ሳንቲም ነበር። እውነቱን ለመናገር ከተራ የሸሚዝ ኪስ ትንሽ ትበልጥ ስለ ነበር ለሻጮቹ ኪሱ ሰፋ ያለ ሸሚዝ ተሰፋላቸው። (ልብስ ሰፊ ያዳነው ፊዚክስ ብለን ሥቀናል።) ኩባንያው በ1958 ስሙን ሶኒ አደረገ፤ በ1960 በአሜሪካ የራሱን ኩባንያ አቋቋመ፤ ሞሪታም በ1963 ቤተሰቡን ይዞ ኒው ዮርክ ገብቶ ተቀመጠ፤ ገበያን በሆቴል ሆኖ ሳይሆን ከጎረቤት ጋር ቡና እየጠጣ ለማወቅ ነው።

ይህን ሁሉ ስንል የታሪኩን ሌላ ፊት አንደብቅም። የጃፓን ሠራተኛ ደመወዝ በዚያን ጊዜ ከአሜሪካው እጅግ ያነሰ ነበር፤ ያችን ጥፍር የምታህል ዕቃ በአጉሊ መነጽር እያዩ የገጣጠሙት ከገጠር የመጡ ልጃገረዶች ነበሩ፤ ስማቸው በመጽሐፍ አልተጻፈም። አሜሪካም ጃፓንን በጎኗ ለማቆየት ስትል ገበያዋን ከፍታላት ነበር። ይህ በር ለሁሉ እኩል አልተከፈተም፥ ዛሬም አይከፈትም። ነገር ግን በሩ የተከፈተላቸው ሁሉ አልገቡበትም፤ የደብዳቤውን ነገር አጥብቀን የያዝነው ለዚህ ነው።

ወደ ራሳችን ስንመጣ፥ አገራችን የጥናት ጉዞ የማታውቅ አይደለችም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 ወደ ጃፓን ሄደው ያዩትን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በተባለው መጽሐፋቸው ለሕዝብ አቅርበዋል። ያን ጊዜ የጃፓን የጥጥ ጨርቅ በገበያችን የታወቀ ስለ ነበር፥ እርሳቸው የሄዱት ሸቀጡ ከሚወጣበት ቤት ነው። የተማሩት ወጣቶችም ጃፓንን ምሳሌ እናድርግ እያሉ ይከራከሩ ነበር። ደብዳቤው ተጻፈ ማለት ነው፤ አንባቢም ነበረው። ነገር ግን በ1935 የፋሺስት ወረራ መጣ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ከተፈጸመው ግፍ ጀምሮ ብዙ የተማሩ ወጣቶች ተገደሉ፤ ብላቴን ጌታም በስደት በእንግሊዝ አገር በ1938 ዐረፉ። የቶክዮው ደብዳቤ ሲደርስ አርባ ሰዎች ጠበቁት፤ የእኛን ደብዳቤ ከሚጠብቁት ብዙዎቹ ከመቃብር ወረዱ። ስለዚህ አያቶቻችን አላዩም፥ አልጻፉም ብሎ መውቀስ ነውር ነው።

የዛሬው ግን ሌላ ነው። ከቡድናችን አንዱ በክረምት ልምምድ በሠራበት ስሙን በማንጠራው ፋብሪካ፥ ከሥራ አስኪያጁ ክፍል አንድ መደርደሪያ ሙሉ የጥናት ጉዞ ሪፖርት አይቷል። ወደ ቻይና፥ ወደ ሕንድ፥ ወደ ቱርክ የተደረጉ ጉዞዎች ናቸው። ባልደረባችን ሁለት ሦስቱን ገልጦ አነበበ፤ ሁሉም በምስጋና ይጀምራሉ፥ ስለ አቀባበሉ ያትታሉ፥ «ጠቃሚ ልምድ ተቀስሟል» ብለው ያበቃሉ። የክር ማጠንጠኛ ክፍሉን ፎርማን፥ ከእነዚህ አንዱን አንብበው ያውቃሉ ወይ ብሎ ቢጠይቃቸው «ልጄ፥ እንዲህ ያለ ወረቀት መኖሩን አሁን ከአንተ ሰማሁ» አሉት። እኒህ ሰው በዚያ ክፍል ለብዙ ዓመታት የሠሩ፥ የማሽኑን ሕመም በድምፁ የሚያውቁ ናቸው። የሚጠይቁትም ጥያቄ ሞልቷቸዋል፤ ከሚሄዱት ሰዎች መካከል ግን ከመነሣቱ በፊት ጥያቄያቸውን የጠየቃቸው የለም።

ከቡድናችን ሁለት አባሎች በሚቀጥለው ወር ለትምህርት ወደ ውጭ ይሄዳሉ፤ አንዱ የጨርቃ ጨርቅ፥ አንዷ የምግብ ኢንዱስትሪ ልታጠና ነው። በየወሩ አንዳንድ ደብዳቤ ለመጻፍ ቃል ገብተውልናል። ስለ አየሩና ስለ ናፍቆት ለቤተሰቦቻቸው ይጻፉ፤ ለእኛ የሚጽፉት ለጥያቄያችን መልስ ነው። እስካሁን የተሰበሰቡት ጥያቄዎች አሥራ አንድ ናቸው፤ አራቱ ፎርማኑ የሰጡን ናቸው። ከእነርሱ አንዱ እንዲህ ይላል፤ «ከ100 ጥቅል ክር ስንቱ ይበላሻል? የተበላሸውን ማን ያየዋል? ካየው በኋላስ ምን ያደርጋል?» ደብዳቤዎቹ ሲመጡ በዚህ ጋዜጣ ይታተማሉ፤ አንድ ቅጂም ለፋብሪካው በባልደረባችን እጅ ይደርሳል። ጥያቄ ያለው ሰው፥ መምህራንም ጭምር፥ በቤተ መጻሕፍቱ በር አጠገብ ካለው የማኅበሩ ሣጥን ውስጥ እስከ ዓርብ ማታ ይጨምር። ስሙን መጻፍ አያስፈልገውም፤ ጽሑፉ ግን የሚነበብ ይሁን።